ኮምፒውተሩ በርቶ ቴሌቪዥኑ ሲጨልም፦ ምስሉ የት ላይ እንደቀረ ማግኛ

ለፊልምና ለሙዚቃ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ሳሎን ገብቶ ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ምስሉ ነው። ድምፁም፣ ኢንተርኔቱም፣ ሪሞቱም ቀስ ተብሎ ይስተካከላል። ምስል ከሌለ ግን ማስተካከያውን ራሱን ማየት አይቻልም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ገመዱን ነቅሎ ይሰካል፣ ደግሞ ነቅሎ ይሰካል። አንዳንዴ ይሠራል፤ ለምን እንደሠራ ስላልታወቀ ግን በማግስቱ ያው ነው። ገመዱን ከመነካካት በፊት ቴሌቪዥኑ የሚያሳየውን ማንበብ ይሻላል፤ ጥፋቱ በየትኛው በኩል እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው።

ገጹ ምን ይላል?

«ኖ ሲግናል» ካለ በዚያ መግቢያ በኩል ለቴሌቪዥኑ ምንም እየደረሰው አይደለም። ወይ በሪሞቱ የተመረጠው ኤችዲኤምአይ ገመዱ ያለበት አይደለም፣ ወይ ገመዱ፣ ወይ የኮምፒውተሩ መውጫ፣ ወይ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅጡ አልተነሳም። «ኖት ሰፖርትድ» ወይም «ኢንቫሊድ ፎርማት» ካለ ደስ ይበልዎ፤ ገመዱም ፖርቱም ደህና ናቸው። ኮምፒውተሩ ቴሌቪዥኑ የማይችለውን የምስል መጠን ወይም ፍጥነት እየላከ ነው፤ የሚስተካከለው በሶፍትዌር ነው። ምንም ጽሑፍ ሳይኖር ጥቁር ብቻ ከሆነ፣ ግን ከጀርባ መብራቱ የተነሳ ስክሪኑ ግራጫ ቢጤ ከመሰለ፣ ሲግናል አለ፤ ምስሉ ነው የሌለው። ምስሉ መጥቶ ነጭ ነጠብጣብ የሚረጭበት፣ ወይም በየደቂቃው ለአንድ ሁለት ሴኮንድ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ገመዱን ይጠርጥሩ።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚመጣ ለመረዳት የኤችዲኤምአይን ጫፍ ቀረብ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ውስጡ 19 እግሮች አሉት። ኮምፒውተሩ በ18ኛው እግር 5 ቮልት ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ በ19ኛው እግር «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በ15ኛውና በ16ኛው እግር በኩል ኢዲአይዲ የሚባለውን የቴሌቪዥኑን መታወቂያ ያነባል፤ ምን ያህል ስፋት፣ በሴኮንድ ስንት ጊዜ፣ ምን ዓይነት ቀለምና ድምፅ እንደሚቀበል እዚያ ላይ ተጽፏል። ዋናው ምስል የሚያልፈው በሌሎቹ እግሮች ነው። ስለዚህ 19ኛው እግር ብቻ ካልነካ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ «ቴሌቪዥን የለም» ብሎ ምንም አይልክም። መታወቂያው የሚነበብባቸው እግሮች ከላሉ ደግሞ ምስሉ ይመጣል፤ ግን ወደ 1024 በ768 ወርዶ፣ ተወጥሮና ደብዝዞ። ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ላይ ገመዱ ወደ ታች ሲጎተት የሚሆነው ይህ ነው፤ ጫፉን በጣት ወደ ላይ ደገፍ ሲያደርጉት ምስሉ ከተመለሰ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው።

ገመዱን ከመንካትዎ በፊት፦ የሚነዝር ሲፒዩ

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው። በኢትዮጵያ ብዙ ቤት የግድግዳው ሶኬት ግራውንድ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) የለውም፤ ቢኖረውም ባለሦስት እግሩ መሰኪያ በባለሁለት እግር አዳፕተር ተተክቶ ግራውንዱ ይቋረጣል። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከሁለቱም የመብራት መስመሮች ወደ ብረት ሣጥኑ የተዘረጉ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ግራውንድ ካለ የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይሄዳል። ከሌለ ግን ሣጥኑ በ220 ቮልቱ ግማሽ ገደማ ላይ፣ 110 አካባቢ፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሲፒዩውን ጀርባ በክንድዎ ሲነኩት ነዘር የሚያደርግዎ ይኸው ነው። ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ሰው ላይ ከመንዘር አያልፍም፤ ለኤችዲኤምአይ ቺፕ ግን ብዙ ነው።

አሁን ዲሹን ያስቡ። ዲሹ በብረት ቋሚ ላይ ተቸንክሮ ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። የዲሹ ገመድ መከለያ ሪሲቨሩ ላይ፣ ሪሲቨሩ ደግሞ በራሱ ኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥኑ ላይ ገብቷል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ በዲሹ በኩል መሬት ነክቷል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ አልነካም። ሁለቱም በርተው ገመዱን ሲሰኩ ልዩነቱ በገመዱ በኩል ይፈስሳል። የጫፉ የብረት ሽፋን ቀድሞ ከነካ ምንም አይሆንም፤ ሽፋኑ የላላ ወይም የተጣመመ ከሆነና ከውስጥ ያለው እግር ከቀደመ ግን ፖርቱ ይቃጠላል። ሌላው ሁሉ እየሠራ አንድ ኤችዲኤምአይ ብቻ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ስለዚህ ልማድ ያድርጉት፦ የኮምፒውተሩንና የቴሌቪዥኑን መሰኪያ ከግድግዳ ይንቀሉ፣ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ይፍቱ፣ ኤችዲኤምአዩን አጥብቀው ይሰኩ፣ ከዚያ የዲሹን ገመድ መልሰው ያሰሩ፤ መብራቱ መጨረሻ ላይ ይመለስ። ኮምፒውተሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን ግራውንድ ካለው አንድ ሶኬት፣ ከአንድ ዲቫይደር ያብሯቸው። ስታብላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ግራውንድ አይሰጥም። በኤሌክትሪሲቲ ባለሙያ የግራውንድ ዘንግ ማስቀበር፣ ፖርት ከማስጠገንም አዲስ ቦርድ ከመግዛትም የሚሻል ወጪ ነው።

«ኖ ሲግናል» ሲል

ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ ነቅለው ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን ተኝቷል እንጂ አልጠፋም፣ የተዘበራረቀውንም መረጃ ይዞት ያድራል። ከዚያ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አብርተው ትክክለኛውን ኤችዲኤምአይ ይምረጡ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ያብሩ። መካከል ላይ የድምፅ ማጉያ ሪሲቨር ወይም ማብዣ (አንዱን ምስል ለብዙ ስክሪን የሚያካፍል) ካለ ለጊዜው አውጥተው ገመዱን በቀጥታ ያገናኙ።

ሣጥኑ ላይ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣ ለብቻው የሚሰካ ካርድ) ካለ ጀርባውን በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ኤችዲኤምአይ ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል፦ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው የማዘርቦርዱ ነው፣ ዝቅ ብሎ ለብቻው በአግድም ያለው የካርዱ ነው። ካርድ ሲገባ ብዙ ኮምፒውተሮች የማዘርቦርዱን መውጫ ይዘጋሉ፤ ገመዱ ካርዱ ላይ መሆን አለበት። በተቃራኒው ካርድ በሌለው ሣጥን ውስጥ ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ በኤፍ የሚያልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮር አይ5-12400ኤፍ፣ የራሱ ግራፊክስ የለውም። የማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ይኑር እንጂ ምስል ፈጽሞ አያወጣም። ራስቤሪ ፓይ 4 ወይም 5 የተባለው ትንሽ ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተር ከሆነ ከሁለቱ ትንንሽ ኤችዲኤምአዮች ወደ ፓወር መግቢያው የቀረበውን ይጠቀሙ።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያበሩ ዓይንዎን ከቴሌቪዥኑ አይንቀሉ። የአምራቹ ምልክት፣ ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ታይቶ ከዚያ ከጨለመ፣ ሣጥኑ፣ ፖርቱ፣ ገመዱና ቴሌቪዥኑ ሁሉም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ምልክቱ ጨርሶ ካልታየ ዊንዶውስን በድጋሚ መጫን ከንቱ ድካም ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ቴሌቪዥን ሲግናሉን ለመያዝ ሦስት አራት ሴኮንድ ስለሚፈጅበት ምልክቱ ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) የሚያስገባውን ቁልፍ፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ ደጋግመው ይጫኑና እዚያው ያቁሙት፤ ባዮስ ቆሞ ስለሚጠብቅ ቴሌቪዥኑ ጊዜ ያገኛል።

ምልክቱም ባዮሱም ካልታየ፣ ፋኑ ግን የሚዞር ከሆነ፣ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ላይ አንዱ ዋና ተጠርጣሪ ራሙ ነው። መሰኪያውን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሴኮንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ ራሙን ያውጡ። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርገው ይሹ፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ በሁለቱም በኩል ተጭነው ይመልሱት። ሁለት ራም ካለ በአንድ በአንዱ ይሞክሩ። ያ ካልሆነ ሳንቲም የምትመስለውን 2032 ባትሪ አምስት ደቂቃ አውጥተው ይመልሱ፤ ባዮስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ባትሪዋ ከ3 ቮልት በእጅጉ ወርዳ ከተገኘች ትቀየር።

መቀየሪያ ካለ

ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ቪጂኤና ዲስፕሌይፖርት እንጂ ኤችዲኤምአይ የላቸውም። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደው ርካሽ መቀየሪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ከኤችዲኤምአይ ኮምፒውተር ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር ገልብጠው ቢሰኩት ምንም አይወጣም። የድሮው ዓይነት 1080ፒን (1920 በ1080 ነጥብ) በ60 ሄርዝ (በሴኮንድ 60 ጊዜ) ያደርሳል፤ 4ኬን (የ1080ፒ አራት እጥፍ ነጥብ ያለውን) በ60 ሄርዝ የሚፈልግ ሰው «አክቲቭ» የተባለውን መግዛት አለበት። ቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ ከሆነ ውስጡ መቀየሪያ ቺፕ ያለው፣ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል። ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው ተራ ገመድ አይሠራም፤ አንዱ አናሎግ፣ ሌላው ዲጂታል ነውና። የላፕቶፕ ዩኤስቢ-ሲም ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ከቀዳዳው ጎን የዲስፕሌይፖርት ወይም የመብረቅ ምልክት ከሌለ የላፕቶፑን መግለጫ ይመልከቱ።

ዊንዶውስ ሲጨልም

ምልክቱ ታይቶ ከጨለመ በመጀመሪያ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ይጫኑ። ግራፊክስ ድራይቨሩ (ምስል አውጪውን የሚያዝዘው ሶፍትዌር) እንደገና ይነሳል፤ አጭር ጩኸት ከሰሙ ዊንዶውስ በሕይወት አለ። ካልመጣ የዊንዶውስን ቁልፍና ፒን ተጭነው ይልቀቁ፣ ሁለት ሴኮንድ ይጠብቁ፣ የታች ቀስቱን አንድ ጊዜ ከዚያ ኢንተርን ይጫኑ፣ 10 ሴኮንድ ይጠብቁ። ምርጫዎቹ አራት ስለሆኑ እስከ አራት ጊዜ ይድገሙት። ላፕቶፕ ከሆነ ከአራቱ «ዱፕሊኬት» ለሙከራ ይመቻል፤ ለፊልም ግን «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» ይሻላል፣ በዱፕሊኬት ጊዜ የላፕቶፑ ትንሽ ስክሪን ልክ ቴሌቪዥኑንም ያወርደዋልና።

«ኖት ሰፖርትድ» ሲል መጠኑን ማውረድ ነው። ሌላ ሞኒተር ካለ እሱን ሰክተው ወደ 1920 በ1080፣ 60 ሄርዝ ያውርዱ። ከሌለ የዊንዶውስ ክብ ምልክት መዞር ሲጀምር በማብሪያው ቁልፍ ያጥፉት፤ ይህን እስከ ሦስት ጊዜ ሲደግሙ የጥገናው ገጽ ይመጣል። «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት» ብለው ሲጨርሱ 3 ቁጥርን ይጫኑ፤ ዊንዶውስ በዝቅተኛ መጠን ይነሳል። ከዚያ በኋላ ልኩን ሲቀይሩ አይቸኩሉ። ዊንዶውስ ለውጡን ካላጸደቁለት በ15 ሴኮንድ ውስጥ ወደነበረበት ስለሚመልሰው፣ ቢጨልም ምንም ሳይነኩ ይጠብቁት።

ሁልጊዜ ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት ሲከፈት ጥቁር የሚሆን ካለ ደግሞ የዊንዶውስን «ፋስት ስታርትአፕ» ያጥፉ። ይህ አሠራር ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ የተበላሸውን የድራይቨር ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ጠዋት ያንኑ ይመልሰዋል። ለማረጋገጥ ሺፍትን ይዘው «ሻት ዳውን»ን ይጫኑ፤ ያ እውነተኛ ማጥፋት ነው።

ገመድና ርቀት

1080ፒ በ60 ሄርዝ በሴኮንድ 4.5 ጊጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ ማንኛውም ደህና ገመድ ይሸከመዋል። 4ኬ በ30 ሄርዝ 9 ይደርሳል፣ 4ኬ በ60 ሄርዝ ግን ወደ 18 ይጠጋል። ከድሮው ሪሲቨር ጋር የመጣ ገመድ 1080ፒ ላይ ጥርት ብሎ ሠርቶ 4ኬ ላይ የሚያብለጨልጨው ለዚህ ነው። ለ4ኬ 60 «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» ወይም 48 ጊጋቢት የሚችለውን «አልትራ ሃይ ስፒድ» ይግዙ፤ ተራ የመዳብ ገመድ ከሆነ ከ5 ሜትር አያሳልፉት። ከዚያ በላይ የሚሻለው ባለ ኦፕቲካል ፋይበሩ ነው፤ እሱ ግን ጫፎቹ ይለያያሉ፣ «ሶርስ» የተጻፈበት ኮምፒውተሩ ላይ ካልገባ አይሠራም። ቴሌቪዥኑም መፍቀድ አለበት፦ ሳምሰንግ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ዲፕ ከለር»፣ ሶኒ ላይ «ኢንሃንስድ ፎርማት» የተባለው ለዚያ መግቢያ ካልበራ 4ኬው በ30 ሄርዝ ይቆማል፤ ማውሱ ሲንቀሳቀስ የሚጎተተውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ምስሉ መጥቶ ትክክል ካልሆነ

ጠርዙ ተቆርጦ የታችኛው ባር ካልታየ በቴሌቪዥኑ የምስል መጠን ውስጥ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን»፣ ሶኒ ላይ «ፉል ፒክስል» ይምረጡ። በግራፊክስ ድራይቨሩ ማጥበብ ይቻላል፣ ግን ምስሉን ሁለት ጊዜ ስለሚያዛባው መጨረሻ ላይ የሚሞከር ነው። ፊደላት ዙሪያቸው ቀይና ሰማያዊ ጥላ ካለው የመግቢያውን ስም ወደ «ፒሲ» ይቀይሩ፤ ብዙ ሳምሰንግና ኤልጂ ቴሌቪዥን ሙሉውን የቀለም ዝርዝር የሚያሳየው ያኔ ነው። ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ ወይም ጨለማ ትዕይንት ላይ ምንም ካልለየ፣ ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ በቀለም ልክ አልተስማሙም፤ አንዱ ከ0 እስከ 255፣ ሌላው ከ16 እስከ 235 እየቆጠረ ነው። ሁለቱንም «ፉል» ወይም ሁለቱንም «ሊሚትድ» ያድርጉ። ዴስክቶፑ በሙሉ ወዙን ያጣ ከሆነ ኤችዲአር (ሰፋ ያለ የብርሃንና የቀለም ልክ) በርቶ ይሆናል፤ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ አልትና ቢ አንድ ላይ ያጠፉታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚለምደውና መልመድ የማይገባው ነገር፦ የሚንገጫገጭ ምስል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንደ አውሮፓው በፓል ሥርዓት የተዘረጋ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ የሲኒማ ፊልም 24 ነው። ኮምፒውተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 60 ሄርዝ ይልካል። 60 ለ25 እኩል ስለማይካፈል አንዳንዱ ፍሬም ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይታያል። ዜና ሲያዩ ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ ልብ ይበሉ፤ እየቆመ እየዘለለ የሚሄደው በዚህ ነው። በ50 ሄርዝ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ሁለት ጊዜ ስለሚታይ ጽሑፉ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ኮዲ የተባለውን የፊልም ማጫወቻ የሚጠቀም ሰው በ«ሴቲንግስ»፣ «ፕሌየር»፣ «ቪዲዮስ» ውስጥ «አጀስት ዲስፕሌይ ሪፍሬሽ ሬት»ን «ኦን ስታርት/ስቶፕ» ያድርግ፤ ለየፊልሙ ራሱ ይቀይራል። ቴሌቪዥኑ ሲቀይር ሁለት ሦስት ሴኮንድ ስለሚጨልም በ«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ» ውስጥ ያለውን የመጠበቂያ ጊዜ 3 ሴኮንድ ቢያደርጉት መጀመሪያው አያመልጥዎም። ዩቲዩብ በብራውዘር ግን ይህን አያደርግም፤ በ«አድቫንስድ ዲስፕሌይ» በእጅ 50 ይምረጡ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ከተሸጡት ቴሌቪዥኖች አንዳንዶቹ 50 ሄርዝን አይቀበሉም፤ ምርጫው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በግድ አታስገቡት።

ዴስክቶፑ ደህና ሆኖ የሚከፈልበት ፊልም ብቻ ሲጨልም፣ ድምፁ እየተሰማ፣ ኤችዲሲፒ የተባለው የቅጂ መከላከያ ነው። መካከል ያለውን መቀየሪያ፣ ማብዣ ወይም ወደ ቪጂኤ የሚወስድ ነገር ያውጡ። ለ4ኬ ከኮምፒውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው ሰንሰለት በሙሉ ኤችዲሲፒ 2.2 መሆን አለበት። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ከሰዓቱ ጎን ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭነው የቴሌቪዥኑን ስም ይምረጡ።

ፖርቱ በእርግጥ ከሞተ

ገመዱም ቴሌቪዥኑም በሌላ መሣሪያ ሠርተው፣ ሣጥኑ ግን በቪጂኤ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ የኤችዲኤምአይ መውጫው ተቃጥሏል። ማዘርቦርዱን ለመጣል አይቸኩሉ። ውስጡ ባዶ የፒሲአይ ኤክስፕረስ 16 ቀዳዳ ካለ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ትንሽ ካርድ ይበቃል። የኤንቪዲያ ጂቲ 710 ካርድ 1080ፒን ያለችግር ያወጣል፣ 4ኬን ግን በ30 ሄርዝ ብቻ። ጂቲ 1030 30 ዋት ገደማ ወስዶ 4ኬን በ60 ሄርዝ ያወጣል፣ ኤችኢቪሲና ቪፒ9 በተባሉት መንገዶች የታመቀ ቪዲዮንም በራሱ ይፈታል፤ በአዲሱ ኤቪ1 የታመቀውን ግን አይችልም። ቀጭን ሣጥን ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት የካርዱ አጭር የብረት ማሰሪያ በካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ከፍተው ይዩ፤ ረጅሙ ብቻ ካለ ክዳኑ አይገጥምም።